ሆን ተብሎ የተረሳ ትእዛዝ

መብራት ሲመለስ ኦፕሬተሩ ግንቡ ገና የሳሙና ማደባለቂያው ውስጥ ነበር።

"ማንም ምንም እንዳይነካ!" ቴክኒሻኗ እየጮኸች ሮጣ ዋናውን ማጥፊያ አወረደች።

ግንቡ የሳሙና ፋብሪካው ኦፕሬተር ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣለት የትከሻው ስፋት ነው። መብራት ሲጠፋ ጠርዙ ላይ የረጋውን ሳሙና ሳይደርቅ ልጥረገው ብሎ፣ ማጥፊያውን ሳይቆልፍ ገብቶ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ግን የማደባለቂያው የብረት ክንፎች ንቅንቅ አላሉም።

ጓደኞቹ ጎትተው አወጡት። እጁ ላይ የተለጠፈውን ሳሙና ጠረገ።

"ደህና ነኝ፣ እቴ። ሚስቴ ብቻ እንዳትሰማ።"

"እኔው ራሴ ነኝ የምነግራት!" አለች ቴክኒሻኗ።

ውስጡ ሰው አለመኖሩን አይታ መቆጣጠሪያውን አበራችው። ሙቀቱ ስንት መሆን እንዳለበት፣ የትኛው ዘይት እንደገባ፣ ቅልቅሉ የት እንደደረሰ፣ ሁሉንም ያስታውሳል። የረሳው "ተነሳ" የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ጠዋት ሥራ አስኪያጁ "ይሄን ሁሉ የሚያስታውስ ማሽን መነሳቱን ምን አስረሳው? መብራት በመጣ ቁጥር የሚያስነሳው ሰው ፍለጋ ሰለቸን፤ አስተካክይው" ብለዋት ነበር። እሷም ጉድለት መስሏት በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ማስተካከያ ሠርታ ጨርሳለች፤ መጫኑ ብቻ ነው የቀረው።

ፕሮግራሙን የጻፉት መሐንዲስ ጡረታ ወጥተዋል። ደወለችላቸው።

"ጋሼ፣ የመነሻው ትእዛዝ መብራት ሲሄድ አብሮ እንዲጠፋ ያደረጉት አውቀው ነው?"

"አውቄ ነው እንጂ! የቅልቅሉ ነገር ከተረሳ ሳሙናው ይበላሻል፤ እሱን በማይጠፋው ሜሞሪ አስቀመጥኩት። ማስነሳቱን ግን፣ ሰው በዓይኑ አይቶ እንደገና ይዘዘው አልኩ። ምነው፣ ምን ተፈጠረ?"

ነገረቻቸው።

"ልጁስ?"

"አንድ ጭረት እንኳ የለውም።"

"እፎይ!" አሉ። "በይ ውሃ ስጪው፤ አንቺም ጠጪ።"

ስልኩን ዘግታ ፈዝዛ ቆመች። መሐንዲሱ ይህን ሲጽፉ ግንቡ በፋብሪካው ደጅ እንኳ አላለፈም ነበር። መልኩን የማያውቁትን ሰው አስበውለት ኖሯል። እንዲህ ያለ ሥራ እኔስ ይሆንልኝ ይሆን? አለች በልቧ።

ሥራ አስኪያጁ እያለከለኩ ደረሱ። "ሰውየው ተረፈ አሉኝ። ታዲያ አሁን ማስነሳት እንችላለን?"

ቴክኒሻኗ ላፕቶፗን ከፍታ ማስተካከያውን እፊታቸው አጠፋችው።

"እንችላለን፣" አለች። "መጀመሪያ ግን እርስዎ ጎንበስ ብለው ውስጡን ይዩልኝ። ከዚያ ማስነሻውን ራስዎ ይጫኑት።"