ያልተከፈቱ ዓይኖች ልምምድ

ናሬል የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከነገ ወዲያ የወሊድ ፈቃዷ ይጀምራል። ሦስት ዓመት የደከመችለት ነገር በእነዚህ ሁለት ቀናት ካልታየ የዘንድሮዎቹ ግልገሎች ለጥናቱ የሚሆኑበት ዕድሜ ያልፋል፤ አለቃዋም ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ይህን አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ባለው ቤተ ሙከራ የማያውቅ የለም። እንስሳቱን የሚንከባከበው ሽማግሌው ክላይቭም ያውቃል፤ ማወቁ ግን አፉን አላዘጋውም።

«ዶክተርዬ፣ ዱልሲ ልጇን ልካልሻለች» አለ፣ የክሪኬት ጨዋታ የሚከታተልበትን ሬዲዮ ከጆሮው ሳያወጣ ትንሽ ጥቅል እያቀበላት።

«ቁጥር ሠላሳ አንድ በል። እንስሳቱ ስም የላቸውም ስንቴ ልንገርህ?»

«ስሙን ያወጣሁላት በአክስቴ በዱልሲ ነው፤ ይህን ብትሰማ ትቀየምሽ ነበር።»

የቤተ ሙከራዋ ዱልሲ ዳናርት የሚሏት እንስሳ ናት፤ አይጥ የምታክል፣ እንደ ካንጋሮ ሆዷ ላይ ኪስ ያላት ፍጥረት። ልጆቿን የምትወልደው የሩዝ ፍሬ እንኳ ሳያክሉ ነው። ሰው በማኅፀን የሚጨርሰውን እነሱ በኪስ ይጨርሱታል፤ ናሬልም የመረጠቻቸው ለዚሁ ነው። የዓይናቸው ቆብ እንደተጣበቀ ዓይናቸው በገዛ ራሱ እየተቀሰቀሰ ወደ አንጎል ሞገድ ይልካል፤ ከዓይን የሚነሡት ክሮችም በዚያ ሞገድ እየታገዙ አንጎል ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። እሷ ማየት የፈለገችው ያንን ሞገድ ነበር።

ግልገሉን የሞቀ አልጋ ላይ አጋደመችው፤ የማደንዘዣውን ጋዝ ከፈተች፤ የአንጎሉን ሞገድ እንደ ብርሃን የሚያሳየውን ካሜራ ከጭንቅላቱ በላይ አስተካክላ መብራቱን አጠፋች።

«ዓይኑ እንደሆነ ዝግ ነው። ለማን ብለሽ ነው የምታጠፊው?»

«ለካሜራው።»

«እኔማ በጨለማ ወንበሬን ስቼ ብወድቅ ማን ይጨነቃል!»

ሃያ ደቂቃ አለፈ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም፤ ከዚህ በፊት በነበሩት አሥራ አንድ ግልገሎችም እንዲሁ ነበር።

«ኪስ ውስጥ ሳያቸው እጅ እግራቸው አያርፍም» አለ ክላይቭ። «ይሄ ግን ግንድ ሆኗል። ጋዙን ስንት ላይ አደረግሽው?»

«ሁለት።»

«ሌሎቹ ተመራማሪዎችስ?»

«አንድም አይሞላ።»

«ታዲያ?»

«እንዳያመው ብዬ ነዋ!»

«ምኑን ነው የሚያመው? አልተቆረጠ፣ አልተወጋ! አንቺ ሴትዮ፣ ሳትወልጂ ማሞላቀቅ ጀመርሽ? አደንዝዘሽ ስታበቂ ደግሞ ለምን አትሠራም ትይዋለሽ።»

ናሬል አፈረች። ተማሪዎቿን በዚህ ስትቆጣ የኖረችው ራሷ ናት። ግን ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባታል፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ትንሽ ነገር ሁሉ በእጇ የሚሞት ይመስላታል። ጋዙን እየፈራች ቀነሰችው። ግልገሉ እግሩን ፈንጠር ሲያደርግ መልሳ ልትጨምር እጇን ሰደደች።

«ተይው» አለ ክላይቭ፣ አሁን ሳይቀልድ።

ተወችው። ከስክሪኑ ጥግ ደብዛዛ ብርሃን ብቅ አለ፤ ቀስ እያለ ወደ ሌላኛው ጥግ ተጓዘና ጠፋ። ደቂቃ ያህል ቆይቶ ደገመ።

«ምን እያየ ነው?» አለ ክላይቭ።

«ምንም። ማየት እየተለማመደ ነው።»

«ሆድሽ ውስጥ ያለው ያንቺውስ?»

«ሰው ላይ በዓይኑ ያየው የለም። ግን በነዚህ ወራት እንዲሁ የሚያደርግ ይመስለናል።»

«ማንም ሳያስተምረው?»

«ማንም።» እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «ክላይቭ፣ ሰባት ወር ሙሉ ለአፍታ ከተዘናጋሁ የሚቆም ይመስለኝ ነበር። ለካ ያለ እኔ ነው የሚሠራው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ሥራ ተቀነሰልሽ እኮ!»

እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ክላይቭ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አንገቱን አሰገገ።

«ዶክተርዬ፣ እኔ መሃይሙ ልጠይቅሽና… ይሄ ነገር እየተቀዳ ነው?»

አልነበረም። የመቅጃውን ቁልፍ አልነካችውም። ክላይቭ ጩኸት ይከተላል ብሎ ጆሮውን ሊይዝ ምንም አልቀረው።

ናሬል ቁልፉን ተጫነችና ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ግድ የለም» አለች፣ «ይደግመዋል።»