አምስተኛው መሣሪያ

የሀኪንግ መምህራችን ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር ቅስማችንን የሰበረው። ፊልም አይተን፣ ባንክ ሰብረን የምንገባ መስሎን ነበር የተመዘገብነው። እሱ ግን የእኛ ሥራ ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ክፍተት ፈልጎ ለባለቤቱ መንገር ነው አለንና የሰው በር ከመነካካታችሁ በፊት የራሳችሁን ቤት እወቁ ብሎ ሸኘን። የቤት ሥራው ቀላል ነበር። ከቤታችን ዋይፋይ ጋር የተገናኘውን ዕቃ ሁሉ አስቀድመን በእጃችን እንጽፋለን፣ የቤቱን ባለቤት እናስፈርማለን፣ ከዚያ ፈትሸን እናነጻጽራለን። ሳያስፈርም የነካ ይባረራል።

ያስፈረምኩት እህቴን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እትዬ ትምህርቷን አቋርጣ ፋርማሲ ተቀጠረችና አሳደገችኝ። ወረቀቱን ሳታነብ ፈረመች፣ ቤቴን ልትዘርፊው ነው እንዴ ብላም ሳቀችብኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሌላ ከተማ ላለ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ማስገባቴን አልነገርኳትም። ብሄድ ብቻዋን ነው የምትቀረው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ዛሬ ነገ እያልኩ ወር ሞላኝ።

በማግስቱ እሷ ሥራ እንደሄደች ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዝርዝሬ አጭር ነው፦ ዋይፋዩ ራሱ፣ ላፕቶፔ፣ ስልኬ፣ ቴሌቪዥኑ። የእሷ ስልክ አብሯት ወጥቷል። ፈተሽኩ። አምስት መሣሪያ መለሰልኝ።

ጀማሪ ነኝና መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ደገምኩት፤ ያው አምስት። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ፤ አራት ሆነ። ስልኬን ከዋይፋዩ አላቀቅኩ፤ ሦስት። ዋይፋዩ፣ ላፕቶፔ፣ እና አንድ የማላውቀው። ቤቱ ጭር ብሏል። በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ቤቴ ፍርሃት ያዘኝ ብል ማን ያምነኛል?

የማላውቀውን መሣሪያ አድራሻ ብሮውዘሩ ላይ ጻፍኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ፋብሪካው ሰጥቶት ሰው መቀየር የሚሰንፈውን ሞከርኩ፤ ተከፈተ።

ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። የለበሰችው ሹራብ የእኔ ነው። ቀኝ እጄን አነሳሁ። እሷ አላነሳችም። መቁጠር ጀመርኩ፤ አራት ስል እጇን ቀስ አድርጋ አነሳች። ካሜራ ነው፤ ሴቲቱም እኔው ነኝ፣ ምስሉ ብቻ ዘግይቶ ይደርሳል።

ዞርኩ። ከኋላዬ ያለው ዓምና እትዬ የሰቀለችልኝ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው። ሌባ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ የፈለገው ይሁን፣ ብቻ እሷ አትሁን ብዬ ለመንኩ። ከዚያ ማን ማን እንደሚያይ የሚመዘግበውን ገጽ ከፈትኩ። ያለው አንድ ስልክ ነው፤ የእትዬ። ከጎኑ "አሁን በማየት ላይ" ይላል።

ስልኬ ጠራ።

"ምነው እጅሽን አነሳሽ?" አለችኝ እትዬ፣ እንደ ወትሮዋ ረጋ ብላ። "አመመሽ እንዴ?"

እንደ ምንም ብዬ ከመቼ ጀምሮ እንደምታየኝ ጠየቅኳት።

"ማመልከቻውን ስትጽፊም አይቼሻለሁ" አለች። "ራስሽ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።"

ልቆጣት ፈለግሁ፣ ይቅርታም ልጠይቃት ፈለግሁ፤ የትኛው እንደሚቀድም ጠፋኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወደ ሰዓቱ ቀና አልኩ። በልቤ እስከ አራት ቆጠርኩ።

"በቃ፣ አታልቅሺ" አለችኝ።

ገና ማልቀስ አልጀመርኩም ነበር።