አምስት ሰው አምጣ

«እስቲ እጃችሁን አውጡ! ሀብታም መሆን የማይፈልግ ማን አለ?» አለ ኮት ለባሹ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ አዙሮ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እጁን ያወጣ አልነበረም።

በሩ አጠገብ የቆመችው የሒሳብ መምህርት ግን አልሳቀችም። ታክሲ ነጂው ታላቅ ወንድሟ ከፊቷ ተቀምጦ የጃኬቱን የውስጥ ኪስ ነካ ነካ ያደርጋል። ለመኪናው ሞተር መቀየሪያ ያጠራቀመው ገንዘብ እዚያ ውስጥ ነው። ትናንት ለምናው ነበር።

«ጋሼ፣ ተው። ይሄ ሰውዬ የሚሸጠው ዕቃ እንኳ የለውም። የሚከፍልህ ከአንተ በኋላ ከሚመጡት ሰዎች ኪስ ነው።»

«አንቺ ስለ ጠመኔሽ አውሪ። ንግድ በጥቁር ሰሌዳ አይገባም።»

ነገሩ ሲሰሙት ያጓጓል። ገንዘብ ታስገባለህ፤ አምስት ሰው ታመጣለህ፤ እነሱም አምስት አምስት ያመጣሉ፤ ያንተ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ርእሰ መምህሩም ቋምጠው ስለነበር የትምህርት ቤቱን አዳራሽ በነፃ ፈቀዱ። መምህርቷ ሰዉን እያስጠነቀቀች መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ ቢሮ ጠርተው፣ «የዓርቡን ክፍለ ጊዜ የሰጠንሽ ልጆቹን ቁጠባ እንድታስተምሪ እንጂ የሰው ገበያ እንድትዘጊ አይደለም» አሏት።

የዓርቡ ክፍለ ጊዜ የሳምንቱ የመጨረሻ፣ መምህር ሁሉ የሚሸሸው ሰዓት ነው። «የገንዘብ አያያዝ» ይባላል። መጀመሪያ ተማሪዎቹ እያንቀላፉ ነበር የሚሰሟት። መጽሐፉን ዘግታ በዱቤ የተገዛ ጫማ በመጨረሻ ስንት እንደሚያወጣ ስታሰላላቸው ግን ነቁ። በተለይ በቅጥነቷ «ክብሪት» የሚሏት ልጅ፣ ደወል ከተደወለም በኋላ በጥያቄ አላስወጣ ትላት ጀመር።

ዛሬ ክብሪት ከፀጉር ሠሪ እናቷ ጎን ተቀምጣለች። መምህርቷ የመጣው ይምጣ ብላ እጇን ልታወጣ ስትል ቀጭን እጅ ቀደማት።

«ጥያቄ አለኝ» አለች ክብሪት።

«ጎሽ! ጠይቂ፣ የኔ እመቤት» አለ ኮት ለባሹ።

«ለምን እዚሁ አንሞክረውም? የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ይሁኑና አምስት ሰው ያስነሡ።»

ሰውየው ደስ አለው። ቀደም ሲል «አትርፈናል» ብለው የመሰከሩለትን አምስቱን አስነሣ።

«አሁን እናንተም አምስት አምስት አስነሡ» አለቻቸው ክብሪት።

ሃያ አምስት ሰው እየተሳሳቀ ተነሣ። እነሱም በተራቸው ጎረቤታቸውን በክርናቸው እየጎሸሙ አስነሡ። ወንበሮች ተንኳኩ፤ ፀጉር ሠሪዋ ተነሣች፤ ታክሲ ነጂው ተነሣ፤ ርእሰ መምህሩ ሳይቀሩ ቆሙ።

«መጨረሻ ላይ የተነሣችሁት፣ ተራው የእናንተ ነው» አለች ክብሪት። «አምስት አምስት ሰው አስነሡ።»

ሰዉ ዙሪያውን ቢያይ ባዶ ወንበር ብቻ ሆነበት።

«ከውጭ እናመጣለና!» አለ አንዱ።

«ከስድስት መቶ ሰው በላይ ያስፈልጋል» አለች ክብሪት። «እነዚያ ደግሞ ከሦስት ሺህ በላይ ያምጡ። ከተማው ያልቃል እኮ! ሁልጊዜ ብዙው ሰው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። የሚበላውም የእሱ ገንዘብ ነው።»

«ይህቺን ልጅ ማን አስገባት? አስወጡልኝ!» አለ ኮት ለባሹ።

መምህርቷ ወደ ልጅቷ ተንደረደረች፤ ፀጉር ሠሪዋ ግን ቀድማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነበር።

«ያስገባኋትም እኔ፣ የወለድኳትም እኔ! ይልቅ መልስላት!»

«መልስላት!» አለ አዳራሹ በአንድ አፍ።

«ይሄ... የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው» አለ ሰውየው። «አስተሳሰቡን የቀየረ ሰው...»

«ወንድሜ» አለ ታክሲ ነጂው፣ «መኪናዬ የምትይዘው ዐሥራ ሁለት ሰው ነው። አስተሳሰቤን ብቀይርም ዐሥራ ሦስተኛው ደጅ ነው የሚቀረው።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊገነጥለው ደረሰ። ኮት ለባሹ ቦርሳውን አንሥቶ በጎን በር ሹልክ አለ፤ መስካሪዎቹም እግር በእግር ተከተሉት። ከማንም ኪስ አንድ ሳንቲም አልወጣም። ከወላጆቻቸው ጋር የመጡት ተማሪዎች ክብሪትን በጭብጨባ ከበቧት። እሷ ግን እየተሹለከለከች መምህርቷ ጋ ደረሰች።

«ቲቸር፣ አበላሸሁ እንዴ?»

«አበላሸሽ እንጂ! የሰውየውን ገበያ ድራሹን አጠፋሽው» ብላ እቅፍ አደረገቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ርእሰ መምህሩ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ መጡ። «የዓርቡ ትምህርት ለወላጅም ክፍት ቢሆንስ?»

«ክፍሌ ጠባብ ነው» አለች መምህርቷ።

«አዳራሹ አለ አይደል? ለእሱ በነፃ የሰጠነውን ላንቺ ልንከለክል ነው?» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

ውጭ፣ ወንድሟ ታክሲው ላይ ተደግፎ ጠበቃት።

«ትምህርቱ ስንት ሰዓት ነው?»

«ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት።»

ዓርብ ከሰዓት መንገዱ በሰው የሚሞላበት፣ ወንድሟ ትኩሳት ይዞት እንኳ መኪናውን አቁሞ የማያውቅበት ሰዓት ነው። አሁን ግን ስልኩን አውጥቶ ለተራ አስከባሪው ደወለ።

«ሃሎ፣ ዓርብ ከሰዓት ተራዬን ለሌላ ስጥልኝ... ኧረ አላመመኝም። ትምህርት አለብኝ።»