ሳላመሰግን ልጠይቅ

እትዬ ሸዋአየሁን ከካዛንቺስ ሲያነሷቸው ኮንዶሚኒየም ሰጧቸው። እሰይ! በዚህ ከተማ ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ፣ ግድግዳው ነጭ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ውሃውም አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ደህና ቤት ነው። አንዲት ነገር ብቻ አለችበት። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት ደግሞ የለም። የእትዬ ሸዋአየሁ ጉልበት እኮ ካዛንቺስ እያሉም የደጃፋቸውን ደረጃ ሲወጡ «ኧረ በስመ አብ!» የሚያሰኝ ጉልበት ነበር።

ምን ልበላችሁ፣ ቤት አገኙና እስረኛ ሆኑ። ሠላሳ ዓመት በመሥሪያ ቤት ስልክ ኦፕሬተርነት «ይጠብቁ» እያሉ ሰው ሲያስጠብቁ የኖሩ ሴት፣ አሁን በተራቸው መስኮት ላይ ተቀምጠው እሑድን ይጠብቃሉ። እሑድ ጠዋት የፎቅ ጎረቤታቸው ሳላሀዲን ከሚስቱ ጋር ይመጣና በፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ ያወርዳቸዋል። ሳላሀዲን ባምቢስ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ሰው ነው።

«ልጄ፣ በእኔ የተነሳ ወገብህን ልታጣ ነው እኮ» ይሉታል።

«ኧረ እማማ! እርስዎ ከአንድ የቪትዝ መኪና ካምቢዮ አይከብዱም» ይላቸዋል፣ ላቡን እየጠረገ።

እትዬ ሸዋአየሁ ይስቃሉ። ማታ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ያለቅሳሉ። ሰው እየተሸከማቸው መኖር አንገበገባቸው።

የሚያናድደው ደግሞ ምን መሰላችሁ? እዚያው ሕንጻ ላይ፣ እዚያው መግቢያ በር ጎን፣ ምድር ላይ አንድ ቤት አለ። ማን ይኖርበታል? ባነር! አዎ፣ ባነር። ወረዳው ያለፉትን በዓላት፣ ዘመቻዎችና ጉባኤዎች ባነር ሁሉ ጠቅልሎ እዚያ ቆልፎበታል። ጉልበት የሌለው ባነር ምድር ላይ ተንደላቆ ይኖራል፣ ጉልበት ያመማቸው ሴትዮ አራተኛ ፎቅ ላይ። ይኼ የማን ጭንቅላት ያፈለቀው ነው? እግዜር ይወቀው።

ታዲያ ለምን አይጠይቁም ትሉ ይሆናል። ይጠይቃሉ እንጂ! ቢሮ ሲያስጠይቁ «ስብሰባ ላይ ያንሱት» ተባሉ። ስብሰባ ላይ ሲመጡ «ቢሮ ይምጡ» ተባሉ። ሳላሀዲን በወንበር አውርዶ በላዳ ጭኖ ስብሰባ ያደረሳቸው ሦስት ጊዜ ነው፣ ሦስቱንም ጊዜ የመናገር ዕድል አግኝተዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ በእኛ አገር ስብሰባ ላይ ጠያቂ ሲነሳ አስቀድሞ ያመሰግናል። ስለ መንገዱ ያመሰግናል፣ ስለ መብራቱ ያመሰግናል፣ መንገድ ዳር ስለተተከለው አበባ ያመሰግናል፣ ዕድሉ ስለተሰጠው ያመሰግናል። ሌላው ሰው ይህችን ቶሎ ብሎ ያልፋታል። እትዬ ሸዋአየሁ ግን ማመስገን ሲጀምሩ ከልባቸው ነው። ዕቃ ጭነው ያመጡላቸውን ልጆች ያመሰግናሉ፣ ሾፌሩን ያመሰግናሉ፣ የሾፌሩን እናት ሳይቀር ይመርቃሉ። ልክ «አሁን ጥያቄዬ…» ሲሉ ማይኩ ይወሰዳል። «እናታችን እናመሰግናለን፣ ሰዓት ስለሌለን ነው!» ጭብጨባ። አንድ ጊዜማ በወረዳው የፌስቡክ ገጽ ላይ ፎቷቸው ወጣ። «ነዋሪዋ የተሰማቸውን ደስታ ገለጹ» ይላል። ደስታ! አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ፎቷቸውን አዩት።

አራተኛው ስብሰባ የተጠራው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በሰዓቱ የመጣው ሕዝቡ ብቻ ነው፣ ይኼ አይገርምም። ኃላፊዎች ሲዘገዩ ሕዝቡ በጓሮ በር እየሾለከ ስላስቸገረ፣ ወረዳው አንድ መድኃኒት አግኝቶለታል። ኪዱ የሚባል የሰፈሩ ኮሜዲያን ከጓደኞቹ ጋር እየመጣ አጫጭር ቀልድ ያሳያል፣ ኃላፊው እስኪመጣ ሰው አይነቃነቅም። ኪዱ ቀን ቀን ደምበል አካባቢ ሞባይል ይጠግናል። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባለሥልጣን።

«ኪዱ፣ ሙድ ያዝ፣ ግን በልክ» አለችው ቢሊሴ። ቢሊሴ የወረዳው ኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ናት፣ ስልኳን በመቆሚያ ላይ አድርጋ ስብሰባውን ላይቭ ታስተላልፋለች። «ላይቭ ነው፣ በቃ፣ እንዳታስበላኝ።»

«አንቺን? ሞቼ ነው!» አለና ጉልበቱ ድረስ የሚወርድ ኮት ለበሰ፣ ሁለት ስልክና አንድ ባዶ ፋይል ያዘ፣ ከኋላ በር ገባ። ሕዝቡ ከልማድ የተነሳ ብድግ አለ።

«ቁጭ በሉ! ተነሱ! ቁጭ በሉ! ጥሩ፣ መልካም አስተዳደሩ ይሠራል» አለ ኪዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ውድ ነዋሪዎቻችን፣ ማለቴ፣ በዚህ ሩብ ዓመት ዕቅዳችንን ዘጠና ስምንት በመቶ አሳክተናል! የቀረው ሁለት በመቶ ሕዝቡ ነው፣ እሱም በሂደት ላይ ነው።»

እትዬ ሸዋአየሁ ከፊት ወንበር ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከካዛንቺስ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም።

«አሁን ጥያቄ!» አለ ኪዱ። «ግን እባካችሁ፣ ምስጋና አልፈልግም። ከጠዋት ጀምሮ ስመሰገን ነው የዋልኩት፣ ስኳሬ ጨምሯል። ምስጋናችሁን ቤታችሁ ትታችሁ ጥያቄዋን ብቻ!»

እዚህ ላይ መነሳት የነበረበት ከሕዝቡ መሀል የተቀመጠው የኪዱ ጓደኛ ነው። ነገሩ የተጠና ነው። ግን ከፊት ወንበር አንድ እጅ ተነሳ። የእትዬ ሸዋአየሁ እጅ።

ልጁ የውሸት ባለሥልጣን መሆኑን ያውቃሉ። የማያውቁ መሰላችሁ? ኮቱ የማን እንደሆነ ሳይቀር ያውቃሉ። ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይል የያዘ ሰው «አታመስግኑኝ» አላቸው። ይህን ዕድል ማን ያሳልፋል? ኪዱ ግራ ገብቶት ማይኩን ሰጣቸው። ቢሊሴ ስልኳን ታጥፋው አታጥፋው ጨነቃት።

«እሺ፣ ሳላመሰግን ልጠይቅ» አሉ እትዬ ሸዋአየሁ። «እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ጉልበቴ አይወጣም፣ አይወርድም። እሑድ እሑድ ይኼ የሰው ልጅ፣ ሳላሀዲን፣ ተሸክሞ ያወርደኛል። ሌላውን ቀን መስኮት ላይ ነኝ። ባለፈው የካዛንቺስ ጎረቤቴ አርፋ ለቀብሯ መውረድ አልቻልኩም። ሳላሀዲን ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር። እዚያው መስኮት ላይ ሆኜ አለቀስኩላት። ከሥር ባለው ቤት ውስጥ ደግሞ ባነር ተቀምጧል።»

ማይኩን ወደ ጉልበታቸው አወረዱት።

ኪዱ ቀልድ ፈለገ፣ አላገኘም። ባለሥልጣንነቱም ጠፋበት። «እማማ፣ ጨረሱ?» አላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አልጨረስኩም።»

«ይጨርሱ።»

ጨረሱ። ከላይ እስከ ታች፣ ማንም ሳያቋርጣቸው፣ ሁሉንም ተናገሩ። ያ ሁሉ ወር አንጀታቸው ውስጥ የታመቀው ወጣላቸው፣ ደረታቸው ቀለላቸው። ቤቱን ባያገኙ እንኳ፣ ለዚች ለብቻዋ ልጁን ሊመርቁት አሰቡ።

ኪዱ ኮቱን አስተካከለና ወደ ባለሥልጣንነቱ ተመለሰ። «ውሳኔ!» ብሎ ፋይሉን ወደ ላይ አነሳ። «ባነሩ ይወጣል፣ እማማ ይገባሉ! ባነር ጉልበት የለውም፣ አራተኛ ፎቅ ቢወጣ አያመውም! የሚደግፍ?»

እናንተዬ፣ እጅ! ልማድ ክፉ ነው፣ ወይም ደግ ነው። «የሚደግፍ» ሲባል እጅ ማንሳት ለእኛ ሰው እንደ መተንፈስ ነው። አዳራሹ ሙሉ እጅ ሆነ።

«የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!»

ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ፣ እልልታው ቀለጠ። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና እውነተኛው ኃላፊ ገቡ። አቶ ታዲዎስ ይባላሉ፣ ወደ ወረዳው ከተዛወሩ ገና ወራቸው ነው። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ ሲያዩ ለእሳቸው መሰላቸው። ለማን ሊሆን ይችላል? እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ጎንበስ እያሉ መድረክ ላይ ወጡ። ኪዱ ኮቱን አውልቆ ውልቅ ብሏል።

አርፍዶ የሚመጣ ኃላፊ የሚናገራት አንዲት ንግግር አለች። ማን እንዳስተማራቸው አይታወቅም፣ ሁሉም ይናገሯታል። አቶ ታዲዎስም ተናገሯት።

«ውድ ነዋሪዎች! ከእኔ በፊት የተነሱትን ሐሳቦች በሙሉ እጋራለሁ። የደረሳችሁበትን ውሳኔም እደግፋለሁ። ዛሬ ነገ ሳንል ወደ ተግባር እንገባለን!»

አዳራሹ ጮኸ። ወንበር ላይ የወጣ ሁሉ ነበር። አቶ ታዲዎስ ይህችን ንግግር ስንት ቦታ ተናግረዋታል፣ እንዲህ ተጨብጭቦላት አያውቅም። ደስ አላቸውና ጨመሩበት። «በግሌም ቃል እገባለሁ!»

ያን ጊዜ ሳላሀዲን ተነሳ። «ክቡር ኃላፊ፣ እንግዲያውስ የቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«የምን ቁልፍ?»

ቢሊሴ ጠጋ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። የአቶ ታዲዎስ ፊት ልክ መብራት ሲጠፋ እንደሚሆነው ሆነ። ጉድ ፈላ! «አልሰማሁም» ቢሉ፣ አርፍደው መምጣታቸውን በገዛ አፋቸው ለሕዝብ መመስከር ነው። ላይቩ ይሄዳል፣ ስልኩ ላይ የልብ ምልክት እየተግተለተለ ይወጣል።

«ቁልፉ…» አሉ፣ «ቁልፉ በሚመለከተው አካል እጅ ነው።»

«የሚመለከተው አካል ማነው?» አለ ሳላሀዲን። መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው የቱ ዕቃ የቱ ጋ እንደሚገባ ሳያውቅ አይተኛም።

አቶ ታዲዎስ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ከጎናቸው ማንም አልነበረም። ከዚያ ዓይናቸው ከፊት ወንበር ላይ፣ ማይኩን እንዳቀፉ በተቀመጡት እትዬ ሸዋአየሁ ላይ አረፈ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

በስመ አብ! ስንት ዘመን «የሚመለከተው አካል» ሲባል ሰምተናል፣ በአካል ያየነው ያን ቀን ነው። አዳራሹ ሳይታዘዝ አጨበጨበ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ነገሩን ማስረሳት ይችሉ ነበር። ሕዝብ ይረሳል፣ ፋይል ይጠፋል፣ ሰውየውም ይዛወራሉ። አላደረጉትም። በሳምንቱ ሳላሀዲን እትዬ ሸዋአየሁን አውርዶ ቢሯቸው ሲያደርሳቸው፣ አቶ ታዲዎስ ቁልፉን በእጃቸው ሰጧቸው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አሉ አቶ ታዲዎስ ወደ በሩ እያዩ። «ያን ቀን ምን እንደወሰናችሁ አልሰማሁም ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ያውቃሉ?»

«በኋላ ግን ሰሙ። ሰምተው ጆሮ ዳባ ልበስ አላሉም። እሱ ነው ለእኔ ትልቁ። አሁን ላመስግንዎት?»

አመሰገኑ። እንደ ልባቸው አመሰገኑ። ማይክ የሚነጥቅ የለም፣ ሰዓት የለም የሚል የለም። የአቶ ታዲዎስን እናት መረቁ፣ ልጆቻቸውን መረቁ፣ ያሳደጋቸውን ሰፈር መረቁ። አቶ ታዲዎስ ከጭብጨባ በስተቀር ምንም ተሰጥቷቸው አያውቅም ነበርና አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስልካቸው ሦስቴ ጠራ፣ አላነሱትም።

ዕቃውን ያወረዱት ሳላሀዲንና ኪዱ ናቸው። ባነሩም ተጠቅልሎ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ኪዱ ፍራሹን ተሸክሞ ሲወርድ እትዬ ሸዋአየሁ ከታች ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። «አንተ የውሸት ባለሥልጣን! እግዚአብሔር እውነተኛውን ያድርግህ!»

«ኧረ እማማ፣ ምን አደረግኩዎት? አይርገሙኝ!» አለ ኪዱ፣ ፍራሹ ከእጁ እስኪወድቅ እየሳቀ።

«እንግዲያስ ያሰብከውን ይስጥህ» አሉና ግንባሩን ሳሙት። «ያን ቀን ይጨርሱ ባትለኝ ኖሮ ፈንድቼ እሞት ነበር።»

አመሻሹ ላይ ሁሉም ሄዱ። ሳላሀዲን ሱቁን ሊዘጋ ባምቢስ ደርሶ ሲመለስ፣ እትዬ ሸዋአየሁ ነጠላቸውን ለብሰው ከቤታቸው ሲወጡ አያቸው። እስከ ግቢው በር ሄዱና ተመለሱ። ገቡ። በሩን ዘጉ። ሳላሀዲን ደረጃውን ሳይጀምር በሩ እንደገና ተከፈተ። ወጡ። እስከ ግቢው በር ሄዱ፣ ተመለሱ።

«እማማ፣ ምን ጠፋብዎት? እኔ ልፈልግልዎት» አላቸው።

«ምንም አልጠፋብኝም ልጄ።»

«ታዲያ ወዴት ነው?»

«የትም» አሉ እትዬ ሸዋአየሁ። «ዝም ብዬ እየወጣሁ ነው።»

ሳላሀዲን ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እሳቸውም ገቡና በሩን ዘጉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ወጡ።