ታብሌቱ ፊት ያሳያል

ልጄ ናጂያ ለትምህርት ወደ ከሰላ ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ እኔ የሚያስፈሩኝን ነገሮች ቆጥሬ ጨርሼ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነበር። አውቶቡሱ፣ ኬላው፣ ወባው፣ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር የምትጋራው ክፍል፣ ክረምት ሲገባ የጋሽ ወንዝ የሚያመጣው ጎርፍ። ናጂያን ከድንበሩ ማዶ እዚህ ገዳሪፍ ወልጄ እዚሁ ነው ያሳደግኳት፤ አንድም ቀን ከእኔ ተለይታ አድራ አታውቅም። አምና የአዋላጅነት ትምህርት ቤቱን መግቢያ በሁለት ነጥብ ወድቃ ስታለቅስ ከረመች፤ ዘንድሮ አለፈች። የመጀመሪያውን መንፈቅ ፈተና ካላለፈች ግን ይመልሷታል፤ ሕጋቸው እንደዚያ ነው። አባቷ ያሕያ ደስታውን ለሠፈሩ ሁሉ አዳረሰ። እኔም ደስ ብሎኛል። የእኔ ደስታ ግን ብቻውን መጥቶ አያውቅም።

የትምህርቱ መጻሕፍት በወረቀት አይገኙም። ከጦርነቱ ወዲህ ተማሪዎቹ በፍላሽ እየተቀባበሉ ነው የሚያነቧቸው፤ ለናጂያም አንዲት የቀደመቻት ተማሪ ሰጥታታለች። የቀረው የሚነበቡበት ዕቃ ነበር። ያሕያ አንድ ዕቃ እንገዛላታለን፣ እናንተ ምረጡ ብሎን ሎሪውን አስነሥቶ ሄደ። ያሕያ ምርጫ በመጣ ቁጥር የሚጫን ማሽላ አያጣም።

ገበያው ውስጥ ሙዘይን የሚባል የመተማ ሰው አለ፤ ስልክ ይሸጣል፣ ስልክ ይጠግናል፣ የሐበሻውን ሁሉ ጉዳይ ያውቃል። ሁለት ዕቃ አውጥቶ የመስተዋት መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠልን። አንዱ ታብሌት ነው፤ ያስነብባል፣ ይደውላል፣ ፊልም ያሳያል፣ የሚያነጋግሩትን ሰው ፊት ያሳያል። ሁለተኛው ግራጫ ማንበቢያ ነው፤ መጽሐፍ ከማስነበብ በቀር ሥራ የለውም። አይደውልም፣ አይዘፍንም። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ግን ሳምንታት ይቆያል፣ ፀሐይ ላይም እንደ ወረቀት ይነበባል። ዋጋቸው አንድ ነው።

እኔ ከቤቴ ወስኜ ነው የመጣሁት፤ ግራጫውን። ታብሌት ማለት ፊልም ነው፣ ፊልም ማለት የወደቀ ፈተና ነው። ታብሌት ማለት የማይታወቅ ሰው መልእክት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አፌ ላይ ማምጣት አልፈልግም። ኬላ ላይስ ክፈቺው ቢሏት? ለዚህ ክርክር ሦስት ቀን ተዘጋጅቻለሁ። ማንበቢያው ይሻላታል ብዬ ሳልጨርስ ናጂያ፣ "እኔም እሱን ነው የምፈልገው፣ ዩማ" አለች፤ እናቴ ስትል።

ይህች ልጅ በወጥ ጨው እንኳ ከእኔ ጋር ተስማምታ አታውቅም። ለምን እንደፈለገችው ጠየቅኳት።

"አይደውልማ" አለች። "ታብሌት ከያዝኩ በቀን አሥራ ሰባት ጊዜ ፊትሽን ካላየሁ ትያለሽ። መቼ ላጥና? ትንሿ ስልኬ አለችኝ፣ ድምፄን ትሰሚያለሽ።"

ሙዘይን ሳቁን ለመደበቅ የሌለ አቧራ መጥረግ ያዘ። ለእኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ድምፅ ይዋሻል። ጎንደር ተማሪ ሳለሁ በወባ እየተንቀጠቀጥኩ ለእናቴ በስልክ ደህና ነኝ ብያታለሁ፤ አምናኝ እንጀራዋን ልትጋግር ሄደች። ፊት ቢሆን ትይዘኝ ነበር። እዚያው ቆሜ ሐሳቤን ለወጥኩና ታብሌቱ ይሁን አልኩ።

"ኡም ናጂያ፣ ስትገቢ ሌላ ነበርሽ" አለ ሙዘይን፣ በልጄ ስም እየጠራኝ።

"ስገባ ልጄ ገና ከእኔ ጋር አልተስማማችም ነበር" አልኩት።

ሙዘይን ለአገሩ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። መጻሕፍቱን ሁለቱም ላይ ጫነና፣ እስከ ሐሙስ አማና፣ አደራ ናቸው፣ ወስዳችሁ አብራችኋቸው ኑሩ፣ የማትፈልጉትን ትመልሱልኛላችሁ አለ። ለሌላ ሰው ይህ ደግነት ነው። ለእኔ ግን የሰው ንብረት የሆኑ ሁለት ዕቃዎች ቤቴ አስገብቶ አምስት ቀን እንቅልፍ መንሳት ነው።

የፈራሁት በማግሥቱ ደረሰ። ማንበቢያውን ባጠፋውም ባጠፋውም ላዩ ላይ ያለው የዛፍ ሥዕል አልሄድ አለ። ጠበቅኩት። ቁርስ በልተን ተነሣን፣ ሥዕሉ እዚያው ነው። በፎጣ ጠቅልዬ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ያዝኩና ሙዘይን ሱቅ ደረስኩ።

"አማናህን ገድየዋለሁ" አልኩት። "ዓይኑን ሳይጨፍን ነው የሞተው።"

ሙዘይን ፎጣውን ገልጦ አየና ቁጭ አለ። ይህ ዕቃ ቢጠፋም የመጨረሻው ሥዕል ወረቀት ላይ እንዳለ ቀለም እንደሚቀር፣ ለዚያም ባትሪ እንደማይበላ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ቤት ሳልደርስ ለያሕያ ደውሎለታል። ያሕያ ማታ ገብቶ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሬሳው ታጠበ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ታብሌቱ ደግሞ ሌላ ጠባይ ነበረው። ናጂያን አስይዤ ወደ ግቢው ጥግ ሰደድኳትና ከማዕድ ቤት በስልኬ ደወልኩ። ፊቷ ከነላቧ መጣ፤ ደስ አለኝ። ግን በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ባትሪው አለቀ። መብራት የለም። ልጂቱ መብራት እስኪመጣ እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችም፤ ግራጫውን አንሥታ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ታብሌቱ ቻርጅ በነበረው ጊዜም ሦስት ገጽ ሳታነብ መልእክት ይገባል። መልእክቱ የእኔ ነው፤ ይሠራ እንደሆነ እየሞከርኩ ነበር።

በአራተኛው መልእክት ታብሌቱን ይዛ ማዕድ ቤት መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ መልስ ነበረኝ።

"ዩማ" አለች፣ "ከወደቅኩ ተመልሼ ነው የምመጣው። እንደዚያ እንዲሆን ነው የምትፈልጊው?"

አይደለም አልኩ። ትንሽ ዘግይቼ ነው ያልኩት፤ እሷም መዘግየቴን አየች።

ረቡዕ ያሕያ እኅቱን እንድትሰናበት ናጂያን ወደ ዶካ ይዟት ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ለዓስር ሶላት እንመለሳለን አሉ። ብቻዬን ቀረሁ። ዌካ ወጥ ጣድኩና፣ ልጄን ምን እንደሚያስተምሯት ለማየት ያህል ማንበቢያውን ከፈትኩት። እንግሊዝኛ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ዝጓል እንጂ አልጠፋም። የማላውቀውን ቃል እየዘለልኩ ገባሁበት።

ምዕራፉ ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ደም መፍሰስ ነበር። እንዲህ የሚያስብ መጽሐፍ አይቼ አላውቅም። ገና ምንም ሳይመጣ አዘጋጁ ይላል። ደህና ትመስላለች ብላችሁ ጥላችኋት እንዳትሄዱ ይላል። ደህና ነኝ ብትልም ገልጣችሁ እዩ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ እዩ ይላል። ሊበላሽ የሚችለው ነገር ሁሉ በየገጹ ከነምልክቱ ተዘርዝሯል። ዕድሜዬን ሙሉ አታብዢው ስባል ኖሬ፣ ሐኪሞች ቁጭ ብለው እኔን የሚመስል መጽሐፍ ጽፈዋል። ቀጠልኩ። የሚያር ነገር ሸተተኝ፤ ድስቱን አወረድኩና ተመለስኩ። ከውስጥ ክፍል ስልኬ የጮኸ መሰለኝ፤ ይቺን አንቀጽ ልጨርስ አልኩ። ከሥሯ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ነበረ።

በሩ ተበርግዶ ናጂያ ገባች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ከኋላዋ ያሕያ የሎሪውን ቁልፍ እንደጨበጠ ቆሟል። ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ፣ ግንባሬን ዳሰሰችኝ፣ ከዚያ ወዳረረው ድስት ዞረች።

ከዶካ ሲነሡ የምፈልገው ነገር ካለ ሊጠይቁኝ ደውለው ኖሯል። አላነሣሁም። እኔ፣ ስልክ ጠርቶ እስኪጨርስ ጠብቄ የማላውቅ ሰው። ከዚያ መንገዱን ሁሉ ሲደውሉ መጥተዋል። ናጂያ ጋዙ ፈንድቶ ይሆናል፣ እባብ ነድፏት ይሆናል፣ ሌባ ገብቶ ይሆናል እያለች ሎሪውን በእጇ ልትገፋ ምንም አልቀራትም ነበር አሉ።

"ባሕሪያ፣ ያንቺው ናት" አለኝ ያሕያ። "ያንቺን ፍርሃት ቅደም ተከተል እንኳ አልሳተችም።"

ናጂያ አልሳቀችም። "ለምንድን ነው የማታነሺው?"

"እያነበብኩ ነበር።"

ያልኩት ተመልሶ በራሴ ጆሮ ገባ። ይህንኑ እሷ ከሰላ ሆና ብትለኝ አላምናትም ነበር። እሷም ገብቷታል፤ እዚያው ላይ ልትረታኝ ትችል ነበር፣ አልረታችኝም። አጠገቤ ቁጭ ብላ የት እንደደረስኩ ጠየቀችኝ። ያልገባኝን ቃል አሳየኋት። መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ደሙ እንዲቆም ማኅፀን እንዴት እንደሚታሽ አሳየችኝ፤ ትምህርቱን ሳትጀምር ከዛፉ ሥር አንብባ የያዘችው ነው። ይህን ሁሉ አደጋ ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እየተንቀጠቀጠች የመጣችው ስለ እኔ ነበር።

ሐሙስ ታብሌቱን ራሴ ለሙዘይን መለስኩ። አገላብጦ ጭረት ፈለገበት፣ አላገኘም።

"ፊቷስ?" አለኝ።

"እስከ ቅዳሜ ጠግቤ አየዋለሁ።"

ከናጂያ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ ጠልቃ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እደውላለሁ፣ ካላነሣች ሳልደግም እጠብቃለሁ። ሁለት ሰዓት ጠብቂ አለች፣ አሥር ደቂቃ አልኩ፣ አንድ ሰዓት ላይ ቆምን። ያሕያ ያቺን አንድ ሰዓት እሱ ጉዞ ላይ እንደሚሆን ከወዲሁ አሳወቀን።

ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ ሸኘናት። ማንበቢያውን ልብስሽ መሐል አድርጊው፣ አይ፣ በእጅሽ ያዢው፣ አይ፣ በእጅሽስ ሰው ያየዋል ስል ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

ቅዳሜና እሑድ እንደደወልኩ አነሣች። ሰኞ አላነሣችም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጄን ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩ። ያሕያ ጉዞ አላገኘም፤ አጠገቤ ተቀምጦ በየአሥር ደቂቃው ጎበዝ ይለኝ ጀመር፤ መርፌ እንደሚወጋ ሕፃን። አርባ ሦስት ደቂቃ ላይ ስልኩ ጠራ።

"ዩማ፣ እያነበብኩ ነበር" አለች።

ስለ ምን አልኳት። ነገረችኝ። ረጅም ነበር፣ ግማሹም አልገባኝም። አላቋረጥኳትም።