ዘጠነኛው ቀን ታንኳ ውሃ አይነካም

ዶን ዊልፍሪዶ የዶሚኖውን ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ ጣለና በሳቅ ተንከተከተ። በዚህ የባሕር ዳርቻ ሐዘን ቤት ዶሚኖ መጫወትም ሆነ መሳቅ ነውር አይደለም። የእሱ ሳቅ ግን የዴልሚራን አንጀት አሳረረው። አባቷን የገደለ ሰው ነዋ፤ በዚያ ላይ የአባቷን ወንበር መርጦ ተቀምጧል።

ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ። ይበል።

አባቷ ሴኖቢዮ ወፍ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን በሸራ ታንኳ ጨዋማው ሐይቅ ላይ ሲያመላልስ ያረጀ ሰው ነበር። ፍላሚንጎ ከሚባሉት ሮዝ ወፎች ርቆ መግፊያ እንጨቱን ጭቃው ውስጥ ይተክልና ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠጋ መነጽር ብቻ ነው። መንጋው ሲበር ፎቶ ማንሳት ያማረው እንግዳ «አስነሳልን» ካለው መልሱ አንድ ነው። «ምሳ ላይ ናቸው። እኔ እርስዎን ከሰሃንዎ ላይ አስነሳሁ?»

ዊልፍሪዶ ከከተማ ሞተር ጀልባ ይዞ መጣ፤ እሱ ያስነሳል። መንጋው እንቁላል ላይ ተኝቶ ሳለ እንኳ መሃሉ ይገባበታል። አንድ ጠዋት ሽማግሌው ታንኳውን አጋድሞ መንገድ ዘጋበት። ሞተሩ ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ ማዕበሉ ታንኳውን ገለበጠው። ዊልፍሪዶ ዞር ብሎ አየና መንገዱን ቀጠለ። ሴኖቢዮ ጭቃ ውሃ ጠጥቶ፣ እያሳለ ቤቱ ገባ፤ ከአልጋውም ሳይነሳ ቀረ። መንጋውም ጎጆውን ጥሎ ሄደ። ሲሸሽ የት እንደሚሰፍር የሚያውቀው ሽማግሌው ቦታውን በሳሉ መሃል ለልጁ ብቻ ነገራት።

አሁን ዊልፍሪዶ ከዶሚኖው ተነስቶ ዴልሚራ ፍሪቼ የሚሉትን የፍየል ጥብስ ወደምታወጣበት ድስት መጣ።

«ነፍስ ይማር፣ ዴልሚራዬ። ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።»

«አዎ፣ ዕድሜ ነው» አለች ጭልፋውን አንቃ ይዛ።

«ስሚኝማ፤ ነገ ትልልቅ እንግዶች አሉኝ። ወፍ ፍለጋ ዓለምን የዞሩ፣ ቴሌስኮፓቸው መድፍ የሚያክል። መንጋው የት ገባ? አባትሽ ሳይነግርሽ አይቀርም።»

ጸሎቱን የምትመራው አክስቷ ቤኒልዳ ከጓዳ ብቅ አለች። «ነገ የሐዘኑ ዘጠነኛ ቀን ነው፣ ዶን ዊልፍሪዶ። ለሟቹ ቤት ውስጥ ያቆምነው መሠዊያ እስኪነሳ ታንኳ ውሃ አይነካም።»

«የኔ ታንኳ ነው እንዴ፣ እማማ? የኔ ሞተር ነው!» ብሎ ሳቀ።

ዴልሚራ ማልቀስ ጀመረች። እንባው የእውነት ነበር። «በምሥራቅ፣ ውሃው ዳር ካሉት የማንግሮቭ ዛፎች ጀርባ ጠባብ ቦይ አለ። እስከ መጨረሻው ይግቡ። ጠዋት ውሃው ሙሉ ነው።»

ውሃው በእርግጥም ጠዋት ሙሉ ነው። ረፋድ ላይ ነፋሱ ሲነሳ ግን ጠራርጎ ወደ ማዶ ይወስደዋል፤ ቦዩ ጭቃ ብቻ ይቀራል። ይህን የታንኳ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከከተማ የመጣው ዊልፍሪዶ ግን አያውቅም።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ?» አለች ቤኒልዳ፣ ሰውየው እንደሄደ።

«መንገድ ጠየቀኝ፣ አሳየሁት።»

«አባትሽ ቢኖር ይህን ይወድልሽ ነበር?»

«አባቴ ደግ ነበር፣ አክስቴ። ደግነቱ የት አደረሰው? እኔ ደግ አይደለሁም።»

በማግስቱ ጸሎቱ ተጋምሶ ሳለ የሞተር ጀልባ ጡሩምባ ከምሥራቅ ተሰማ። ቆየት ብሎ ደገመ፤ ከዚያም ማባሪያ አጣ። ደጅ የተቀመጡት ወንዶች ተያዩ። ታንኳዎቻቸው ሸራቸውን አውርደው አሸዋው ላይ ተደርድረዋል።

«ማነው እሱ?» አለ አንዱ፣ ማን እንደሆነ እያወቀ።

«ሞተር አለኝ ያለው ነዋ። ሞተር ደግሞ ራሱን ያወጣል።»

«አይሞትም፤ ጭቃ ነው። መሠዊያው ይነሳና እናያለን።»

ቤኒልዳ ወደ ዴልሚራ አንዴ አየት አደረገችና የጸሎቱን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

ዴልሚራ ሹልክ ብላ ወጥታ የአሸዋው ጉብታ ላይ ቆመች። ዊልፍሪዶ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ጀልባውን ይገፋል፤ ጀልባው ንቅንቅ አይልም። እንግዶቹ ትንኝ በባርኔጣቸው እየመቱ ይጮኹበታል፤ አንዲት ሴትዮ ጣቷን አፍንጫው ድረስ ትቀስራለች። በአንድ እጁ ነጭ ጫማውን ከጭቃው በላይ ከፍ አድርጎ ይዟል። በምዕራብ ደግሞ፣ አባቷ በነገራት ማንም በሌለበት ቦታ፣ መንጋው አንገቱን ደፍቶ ይበላል።

ልቧ ቅቤ ጠጣ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች፤ ዓይኗን ከጭቃው ሳትነቅልም እጇን ወደ ኋላ ሰደደች።

«አባዬ! ና እይልኝ፣ ጫማውን እኮ ተሸክሞታል!»

የአባቷን እጅጌ ልትጎትት ጣቶቿን ጨበጠች። የጨበጠችው ነፋስ ነበር። ከቤት ውስጥ መሠዊያው ሲነሳ የሴቶቹ ለቅሶ ተሰማ፤ እሷ ግን እጇን ቶሎ አልመለሰችውም።