ፖስታ ቤቱን ማን አንቀሳቀሰው?

አባቴና እኔ ለሦስት ሳምንት ሆድና ጀርባ ሆነን ከረምን። ያውም አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበላን። እሱ እማዬን «ጨው ታቀብለኝ በያት» ይላታል። እኔ ጨውን ለእማዬ እሰጣለሁ፣ እማዬ ለእሱ ታሳልፋለች። በአራተኛው ቀን እማዬ የጨውን ዕቃ ጠረጴዛው መሃል ቁጭ አደረገችና «እኔ ፖስተኛ አይደለሁም። እጃችሁን ዘርግታችሁ ውሰዱ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃው ድንበር ላይ እንደቆመ ዘበኛ መሃላችን ተቀመጠ።

የጠቡ መነሻ መንገድ ነው። እኔ የከተማችን ማዘጋጃ ቤት የመንገድ ኢንጂነር ነኝ፤ ሌላ ስለሌለ ዋናዋም ምክትሏም እኔው ነኝ። አባቴ በዚያው ማዘጋጃ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቧንቧ ሲቀጥልና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከተማው በሙሉ «ጋሽ ቧንቧ» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እማዬና የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ይመስሉኛል።

ከፖስታ ቤቱ እስከ ዳቦ ቤቱ ያለው መንገድ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፌ፣ ተለማምጬ፣ አንዳንዴም ከንቲባው ቢሮ በር ላይ ተገትሬ ውዬ፣ በመጨረሻ አስፋልት ተፈቀደልኝ። የመጀመሪያ መንገዴ ነው። እናት የልጇን ፀጉር እንደምትዳብስ አጎንብሼ በእጄ የዳበስኩት መንገድ ነው፣ አላፍርበትም።

አስፋልቱ የሚነጠፍ ዕለት አባቴ በነጠላ ጫማ መጥቶ ከአስፋልት መዳመጫው መኪና ከዳምጠው ፊት ቆመ። ዳምጠው ጢሱን ለቆ ተገተረ።

«የዋናው ቫልቭ ክዳን እዚህ ስር ነው» አለኝ። «መጀመሪያ ክዳኑን ከፍ አድርጊ፣ ከዚያ አስፋልትሽን አልብሺ።»

ፕላኑን ዘርግቼ አየሁ። ምንም የለም። «አባዬ፣ ፕላኑ ላይ የለም።»

«ፕላኑን ማን ሠራው?»

«የውሃ ክፍል።»

«የውሃ ክፍል ማለት እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ፕላን ሠርቼ አላውቅም።»

ይሄኔ መሳቅ ነበረብኝ። ግን አስፋልቱ እየቀዘቀዘ ነው፣ ሠራተኞቹ አፍጥጠው ያዩኛል፣ እኔም ስቸኩል አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል። «አባዬ፣ ጡረታ ወጥተሃል እኮ! በቃ ቤትህ ግባ!» አልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። አባቴ ፊቱን አዞረ። ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ሄደ፣ ዳምጠውም አለፈ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ፤ ግን ሮጬ አልተከተልኩትም።

ቧንቧው የፈነዳው በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ ልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት። ስደርስ ውሃው ከሱቁ ጣሪያ በላይ ይተኮሳል። ልብስ ሰፊው ጨርቆቹን አቅፎ ወንበር ላይ ቆሟል። ፀጉር አስተካካዩ ግን ዕድሉ አላመለጠውም፤ ወንበሩን አውጥቶ ያጥባል። ሁለት ታክሲዎችም ለመታጠብ ተራ ይዘዋል።

እንዲህ ሲሆን ዳገቱ ላይ ካለው ማጠራቀሚያ መዝጋት ነበር የሚገባው። የማጠራቀሚያው መዝጊያ ግን ዝጎ አልዞርም ካለ ሁለት ዓመቱ ነው። ደብዳቤ ተጽፎለታል፣ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስም አለው። እንግዲህ የቀረው ዋናው ቫልቭ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ እኔ በሚያምር አስፋልት ሸፍኜዋለሁ።

ከንቲባችን ድሮ የስፖርት አስተማሪ ስለነበሩ ሁሉን ነገር በሰዓት ነው የሚለኩት። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው መጡና እጃቸውን አጨበጨቡ። «ማጠራቀሚያው እየጎደለ ነው፤ ሆስፒታሉ ውሃ ሊያጣ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ቫልቩን ካገኘሽ አገኘሽ። ካላገኘሽ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቆፈራል።»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ?» አልኩ።

«የት እንዳለ ካላወቅሽ ሌላ ምን አማራጭ አለ?»

የእስካቫተሩ ሹፌር ችኩሌ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣለትም። ጣቶቹ ማርሹ ላይ ናቸው፣ ዓይኑ አስፋልቴ ላይ። ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ተኩል። ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባቴ ወጥ ቤት ውስጥ ምንም ያልሆነውን ቧንቧ ፈትቶ ይጠግናል።

«አባዬ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩት በሩ ላይ ቆሜ።

«ለማን ነው የምትነግሪው? ለእናትሽ?»

«ላንተ። እንደዚያ ልናገርህ አይገባም ነበር። ቫልቩንም ደፍኜዋለሁ። እባክህ ና።»

እጁን ጠረገ። ከማንኪያና ሹካው መሳቢያ ውስጥ አንድ ጫፉ የተበላ ደብተር አወጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማው የውሃ ፕላን በእማዬ ማንኪያ ስር ተኝቶ ኖሯል!

«ለምን ለመሥሪያ ቤቱ አልሰጠህም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ልቆጣ ስል እግሩን አየሁ። የሥራ ጫማውን ግጥም አድርጎ አስሯል። ይሄ ሰው የፍንዳታውን ወሬ ከሰማ ጀምሮ ጫማውን አስሮ ሲጠብቀኝ ነበር። ቁጣዬ እዚያው በነነ።

የአባቴ ደብተር በሜትር አያውቅም። ሁሉ ነገር በእርምጃ ነው፣ በራሱ እርምጃ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን አስከትሎ ይዞር ነበር፤ እሱ ይራመዳል፣ እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ይጽፋል። ሲራመድ ራሱ መቁጠር አይወድም፣ ሐሳቤ ይበተናል ይላል። ደብተሩን መንገድ ላይ እያገላበጥኩ ሄድኩ። «ከሰማያዊው በር 12 እርምጃ» ይላል፤ በሩ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቀለም ቀይሯል። «ከወፍራሙ ውሻ መተኛ 9» ይላል፤ ነፍሱን ይማርና ውሻው የለም። የኛው ግን ደህና ነበር፦ «ዋናው። ከፖስታ ቤቱ ግድግዳ ጥግ ወደ ዳቦ ቤቱ 35 እርምጃ።» ፖስታ ቤት ቀለም ቢቀይርም ጥግ አይቀይርም ብዬ ልቤ ተረጋጋ።

አባቴ ጀርባውን ግድግዳው ጥግ ላይ አስደግፎ ጀመረ። እኔ ቆጠርኩ። ሠላሳ አምስት ላይ ቆመና በተረከዙ አስፋልቱን መታ። «እዚህ።»

ቆረጥን፣ በድጅኖ ፈነቀልን። ጠጠር። ከጠጠሩ ስር ሌላ ጠጠር።

«ቆጠራ አጥፍተሻል» አለኝ።

እንደገና ሄደ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ቀዳዳው አፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ሰው ተሰብስቧል፤ ልብስ ሰፊው እንኳ ከወንበሩ ወርዶ መጥቷል። አባቴ ወደ ኋላ ዞሮ ፖስታ ቤቱን በጥርጣሬ ቃኘውና «አንቀሳቅሰውታል» አለ።

«ምኑን?» አሉ ከንቲባው።

«ፖስታ ቤቱን።»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጋሽ ቧንቧ፣ እዚህ ውስጥ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። ቢንቀሳቀስ ኖሮ አውቅ ነበር» አለ። ሳቁ እንደ አዲስ ተነሳ። ከኋላ ደግሞ አንዱ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «አርጅተዋል እኮ፣ ለምን ያደክሟቸዋል» ሲል ሰማሁ። አባቴም ሰማ። አንገቱን ደፍቶ ደብተሩን እንደገና ማንበብ ጀመረ። የሚያነበው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱንም በቃሉ ያውቀዋል። አንጀቴን በላው።

አምስት ተኩል ሆኗል። ደብተሩን ከእጁ ተቀብዬ ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ። «የመድኃኒት ቤቱ። ከደረጃው ወደ ታች 20 እርምጃ።» መድኃኒት ቤቱ ከጎን ያለው ቅያስ ውስጥ ነው። እዚያ አስፋልት አላነጠፍኩም፤ ክዳኑ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ሮጬ ሄጄ ሜትሬን ዘረጋሁ። ከደረጃው እስከ ክዳኑ አሥራ ስድስት ሜትር። ለሃያ ሲካፈል ሰማንያ ሴንቲሜትር። ተመልሼ ከፖስታ ቤቱ ጥግ እስከ ቀዳዳችን ለካሁ። ሃያ አንድ ሜትር ከሰባ። ለሠላሳ አምስት ሲካፈል ስድሳ ሁለት።

እርሳሴን እንደያዝኩ ቆምኩ። ፖስታ ቤቱ አልተንቀሳቀሰም። የአባቴ እርምጃ ነው ያጠረው፣ በየእርምጃው አሥራ ስምንት ሴንቲሜትር። በየቀኑ ፊቱ ተቀምጬ እበላለሁ። ጉልበቱን ሲያሸው አያለሁ፣ ከወንበር ሲነሳ ጠረጴዛውን ሲይዝ አያለሁ፣ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ መንገድ በሚሊሜትር የምለካ ሰው፣ ይሄንን ሳልለካ ኖርኩ።

«ኢንጂነር!» አሉ ከንቲባው ሰዓታቸውን እየነካኩ። «አሥራ አምስት ደቂቃ!»

ሁሉም ያየኛል። አባቴም ያየኛል።

«አባቴ ልክ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ፖስታ ቤቱ ተንቀሳቅሷል። ስድስት ሜትር ከሠላሳ።»

ጸሐፊው አፉን ሲከፍት እንዲህ አድርጌ ባፈጥበት መልሶ ዘጋው። ከንቲባው ፖስታ ቤቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ማለት…»

«የለካሁት እኔ ነኝ። ኢንጂነሯም እኔ ነኝ» አልኩና ከጥጉ ሃያ ስምንት ሜትር ለክቼ በኖራ አሰመርኩ። «እዚህ ቁረጡ!»

ድጅኖው በሦስተኛው ምት ብረት ነካ። ያን ድምፅ ስሰማ እንደ ሕፃን ዘለልኩ፣ አላፍርበትም። ክዳኑ ተነሳ። አባቴ ረጅሙን የብረት ቁልፍ ተቀብሎ አስገባና ወደ እኔ ዞሮ «ቁጠሪ» አለኝ። እሱ አዞረ፣ እኔ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ላይ ልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት የሚተኮሰው ውሃ እስከ ሰው ወገብ ወረደ፤ አሥራ አራት ላይ ተንጠባጥቦ ቆመ። ጭብጨባው ቀለጠ። የተከፋው ችኩሌ ብቻ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ምሳውን ሊበላ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩም ግማሹ በሳሙና የቀረ ወንበር ይዞ ቆሞ ነበር።

የተሰበረው ቧንቧ እስኪቀየር አባቴና እኔ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። «ስንት ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«አትቀልጂ። ፖስታ ቤት እግር የለውም። ስንት ሴንቲሜትር ነው?»

«አሥራ ስምንት።»

«በጠቅላላው?»

«በየእርምጃው።»

ጫማውን አየ። ቀኙን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ እንደገና ዘረጋ። ከዚያ ድንገት ጭኑን መታ። «እንደዚያ በይኛ! እኔ እኮ ዳቦ ቤቱንም አንቀሳቅሰውታል ብዬ እናትሽን ስጨቀጭቃት ነው የከረምኩት!»

ሳቅን። እሱ እየሳቀ ሳለ እኔ ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ፤ አቧራ ነው አልኩት። በውሃ በታጠበ መንገድ ላይ አቧራ የለም። ደብተሩን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

«በሜትር ገልብጪው» አለ። «ክዳኖቹን ከፍ አድርጊ። ሌላም ሰው ቢጠይቅሽ፣ ሳይጠይቅሽም ቢሆን፣ ስጪው።»

«አብረን እንገለብጠዋለን» አልኩት። «አንተ የት የት እንደነበሩ ትነግረኛለህ። የውሻውንም መተኛ።»

ውሃው ሲለቀቅ ወደ ቤት ተነሳን። እኔ ሁልጊዜ ከፊት ቀድሜ ነው የምሄደው፣ የቸኮለ ሰው ነኝ። ያን ቀን አጠገቡ ሆኜ፣ እግሬን ከእግሩ እኩል እያነሳሁ፣ ከፖስታ ቤቱ ጥግ ጀምሬ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ልጅ ሆኜ ስንቆጥረው እስከ በራችን በእሱ እርምጃ አራት መቶ ነበር። አሁን አምስት መቶ አሥራ ስድስት ላይ ደረስን።

እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። ስንቆጥር ሰምታ ገባችና የጨውን ዕቃ ከጠረጴዛው መሃል አንስታ መደርደሪያው ላይ መለሰችው።